ግድቡ እንዳለ ነው፤ አካባቢው ግን ተለውጧል
የአንባቢያን ጥያቄና የመሐንዲሱ መልስ

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ስለ ትናንሽ የአፈር ግድቦች የሚደርሱን ደብዳቤዎች ይበረክታሉ። በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዙሪያ የመጡትን መርጠናል። መሬቱ የይዞታ መብት የተገኘበት እንጂ በግል የሚያዝ ሀብት ባይሆንም፣ በይዞታው ላይ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ በራሱ ገንዘብ ያሠራውንና የሚያስተዳድረውን ግድብ «የግል ግድብ» እያልን እንጠራዋለን።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ መሐንዲስ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሰበታ አቅራቢያ ነው። አባታችን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በዶዘር ያሠሩት የአፈር ግድብ አለን፤ ከፍታው 5 ሜትር፣ ርዝመቱ 90 ሜትር ሲሆን፣ ሲሞላ ውኃው ወደ ኋላ 240 ሜትር ያህል ይተኛል። በበጋ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን እናለማበታለን። ትርፉ ውኃ የሚወጣው በግድቡ አካል ውስጥ በተቀበረ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር የሲሚንቶ ቱቦ ነው። እስካለፉት ሁለትና ሦስት ክረምቶች ድረስ ምንም ችግር አልነበረም፤ ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ግን ውኃው አናቱን ሊያልፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ከላይም ከታችም ቀድሞ የእርሻ ማሳ የነበረው አሁን ሰፈር ሆኗል። አንድ ኮንትራክተር አናቱን በአንድ ሜትር ከፍ እናድርገው ብሎናል፤ ወንድሞቼም ተስማምተዋል። እርስዎስ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ አናቱን ከፍ አታድርጉት። ለምን እንደምል ላስረዳ።

ግድቡ ባለፉት ሦስት ክረምቶች በድንገት አልደከመም። የተለወጠው ከበላዩ ያለው መሬት ነው። አባታችሁ ሲያሠሩት ተፋሰሱ ማሳና ግጦሽ ስለነበረ፣ ከዘነበው ዝናብ ብዙው ወደ አፈር ይሰርግ፣ የቀረውም በሣርና በትልም መካከል እየዘገየ ይደርስ ነበር። አሁን የቆርቆሮ ጣሪያው፣ ኮብልስቶኑና የመንገድ ዳር ቦዩ ያንኑ ዝናብ ሰብስበው በአንድ ጊዜ ይልኩታል። በቁጥር እንየው። ተፋሰሱ 60 ሄክታር ነው እንበል። በሰዓት 70 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ኃይል የሚወርድ ዶፍ ቢመጣና ማሳው ግማሹን ወደ ጎርፍ ቢለውጠው፣ ወደ ግድቡ የሚገባው ውኃ በሰከንድ 6 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ጣሪያና መንገድ በዝቶ ወደ ጎርፍ የሚለወጠው ድርሻ 70 በመቶ ሲሆን ደግሞ ያው ዝናብ በሰከንድ ከ8 ሜትር ኩብ በላይ ያመጣል። የእናንተ ቱቦ አንድ ሜትር ያህል ውኃ ከበላዩ ቢጫነው እንኳ የሚያሳልፈው በሰከንድ የአንድ ሜትር ኩብ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ያውም ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ አፉን ካልዘጋው። እስከ ዛሬ ያዳናችሁ ኩሬው በሰኔና በሐምሌ ባዶ ሆኖ ጎርፉን መዋጡ ነው። ነሐሴ ላይ ሞልቶ ስለሚጠብቅ የሚውጥበት ሆድ አይኖረውም።

የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግድብ ውኃ በአናቱ ላይ ቢፈስስበት ሊቋቋም ይችላል፤ የአፈር ግድብ ግን አይችልም። በአናቱ ዝቅ ባለው ቦታ የሚያልፈው ስስ ውኃ በደረቁ ተዳፋት ላይ እየተንደረደረ ከእግሩ ሥር መጀመሪያ ጭረት፣ ቀጥሎ ቦይ ያወጣል። ቦዩ ወደ ኋላ እየበላ አናቱን ሲያገኘው ሥራው ያልቃል። በሰጡኝ ልክ ስናሰላ፣ ርዝመቱን፣ ወደ ኋላ የሚተኛበትንና ጥልቀቱን አባዝተን ለስድስት ስናካፍል፣ ሲሞላ 18,000 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል። ይህ ከ1,000 ሲኖትራክ ጭነት የማያንስ ነው፤ ግድቡ ከተሰበረ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሰፈሩ ውስጥ ይሆናል። በዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን መስፈርት «ትልቅ» የሚባለው ከፍታው 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚይዝ ግድብ ስለሆነ የእናንተ በዚያ ሚዛን ከቁጥር አይገባም። የአደጋ ደረጃው የሚለካው ግን ከበታቹ በሚኖረው ሰው ነው፤ የጤፍ ማሳው ሰፈር በሆነበት ቀን ማንም አፈሩን ሳይነካው ግድባችሁ ደረጃው ከፍ ብሏል።

እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ጆንስታውን የተባለችውን ከተማ ያጠፋው ግድብም የግል የአፈር ግድብ ነበር። ባለቤቱ የነበረው የመዝናኛ ክበብ ሠረገላ እንዲያሳልፍ አናቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዓሣው እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው (ትርፍ ውኃ በሚወጣበት ክፍት ቦይ) አፍ ላይ ወንፊት አስሮበት፣ ቀድሞ ተነቅለው የተወሰዱትን የታችኛውን ማስወጫ ቱቦዎችም ሳይተካ ትቶት ነበር። ከባድ ዝናብ በመጣበት ቀን 2,209 ሰዎች አለቁ። በቅርቡም ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ በኬንያ ናኩሩ አካባቢ ሶላይ በተባለ ቦታ የአንድ እርሻ የመስኖ ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ለማስተንፈሻ አውሉት። ከግድቡ ጎን፣ በተሞላው አፈር ላይ ሳይሆን ባልተነካው የተፈጥሮ መሬት ላይ፣ ወለሉ ከግድቡ አናት ቢያንስ አንድ ሜትር ዝቅ ያለ ክፍት ቦይ ይቆፈር። ከላይ ያሰብነውን 8 ሜትር ኩብ በግማሽ ሜትር ጥልቀት ለማሳለፍ የቦዩ ስፋት 14 ሜትር ያህል መሆን አለበት። ሰፊ መሰለዎት? ብዙ ባለ ግድቦች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ሜትር ቆፍረው «ማስተንፈሻ አለን» ይላሉ። ወለሉ ሰርዶ ቢለብስ፣ መግቢያው በድንጋይ ቢነጠፍ፣ ጫፉም ከግድቡ እግር ርቆ ወደ ወንዙ ቢመለስ ይበቃል። ወለሉን ዝቅ ማድረግ የምትይዙትን ውኃ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ከሽንኩርቱም የተወሰነ መደብ ይቀራል። የተፋሰሱ ስፋት በካርታ ተለክቶ ስሌቱ በባለሙያ ይሠራ፤ የእኔ ቁጥር ሚዛኑን ለማሳየት ብቻ ነው።

ኮንትራክተሩ ያለው አንድ ሜትር ለምን እንደማይሆን ባጭሩ ልጨርስ። በነበረው አናት ላይ አፈር መቆለል አናቱን ያጠብበዋል፣ ተዳፋቱን ያቆመዋል፣ የውኃውን ግፊትና ብዛት ይጨምራል፤ የቱቦውን አቅም ግን እምብዛም አይለውጠውም። ግድብ በሥርዓቱ ከፍ የሚደረገው ከታችኛው እግሩ ተነሥቶ በአዲስ አፈር እየተደረበና እየተጠቀጠቀ ነው፤ ያ ደግሞ ከአዲስ ግድብ ብዙም አይረክስም። ማስተንፈሻው እስኪሠራ ውኃውን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ስታወርዱት ግን በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ውኃው በድንገት ሲሸሽ የረጠበው የላይኛው፣ ማለትም በኩሬው በኩል ያለው ተዳፋት ይንሸራተታልና።

ስለ ሕጉም አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከባህላዊ መስኖና በእጅ ከሚቆፈር ጉድጓድ በስተቀር የውኃ ሥራ ለመገንባት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ በዶዘር የተሠራን የ5 ሜትር ግድብ «ባህላዊ» ብሎ መከራከር የሚያዋጣ አይመስለኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ደግሞ የመሬትን የተፈጥሮ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። «ዝናቡ በዝቶ ነው» ብሎ ማምለጥ ቀላል አይሆንም። ዝርዝሩን ጠበቃ ጠይቁ፤ የታችኛውን ሰፈር ነዋሪዎች ስልክ ግን ዛሬውኑ መዝግባችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ከሰንዳፋ ነው የምጽፍልዎ። ከግድባችን በታች፣ ከእግሩ ላይ፣ በበጋም የማይደርቅ ረግረግ ወጥቷል። ሣሩ ስለሚያምር ላሞቻችን ይወዱታል። ጎረቤታችን አቶ እከሌ «ግድብ ላብ ማውጣቱ የተለመደ ነው፣ አትጨነቂ» ይሉኛል። እውነት ነው? በታችኛው ተዳፋት ላይም ባለቤቴ ባህር ዛፍ ተክሎበታል፤ አፈሩን ይይዛል ብሎ ነው።

መልስ፦ ጎረቤትዎ ግማሹን እውነት ተናግረዋል። ፈጽሞ ውኃ የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም፤ በትግራይ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ የተሠሩት የመስኖ ግድቦች እንኳ በባለሙያ ተነድፈው ሳለ ብዙዎቹ በስርገትና በደለል ተቸግረዋል። መጠየቅ ያለበት የሚወጣው ውኃ አፈር ይዞ ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለው ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ከረግረጉ ዝቅ ብለው ትንሽ ቦይ ያውጡና ውኃውን ወደ አንድ ቦታ ይሰብስቡ። አጭር ቁራጭ ቧንቧ ሸጉጠው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሥሩ ያስቀምጡ፤ ለመሙላት የፈጀውን ጊዜ በስልክዎ ሰዓት ይያዙ፤ ኩሬው በዚያ ቀን ያለበትን ከፍታ ጨምረው በደብተር ይጻፉ። ከዚያ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድተው በፀሐይ አንጻር ይዩት፤ ብርጭቆውንም እስከ ማግስቱ ሳይነኩ ይተዉት። ውኃው ኩል የመሰለ ከሆነ፣ ከሥሩ ምንም ካልዘቀጠ፣ መጠኑም ኩሬው ሲሞላ የሚጨምር ሲጎድል የሚቀንስ ከሆነ፣ በየሳምንቱ እየለኩ መከታተል ይበቃል። ኩሬው ባለበት ቆሞ ሳለ ጀሪካኑ ቶሎ ቶሎ መሙላት ከጀመረ፣ ወይም በብርጭቆው ሥር እንደ ቡና አተላ ያለ ዝቃጭ ከተኛ፣ ግድቡ ከውስጥ እየተቦረቦረ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ውኃውን ማውረድ ይጀመር፤ ከታች ያሉ ሰዎች ይነገራቸው፤ መሐንዲስም ይጠራ።

ሰው ሁሉ የሚፈጽመው ስሕተት ውኃው የሚወጣበትን ቀዳዳ ከታች በኩል በጭቃ ወይም በሲሚንቶ መድፈን ነው። የተደፈነው ውኃ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ብዙውን ጊዜ ከፊተኛው የከፋ ነው። ባለሙያው እስኪደርስ ድረስ ማድረግ የሚቻለው መጀመሪያ ንጹሕ አሸዋ፣ ከላዩ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ መደርደር ነው፤ እንዲህ ሲሆን ውኃው ይወጣል፣ አፈሩ ይቀራል።

ላሞቹን ከረግረጉ ያርቁ፤ ኮቴያቸው የግድቡን እግር ያቦካዋል፤ ምልክቱንም ያጠፋብዎታል። ባህር ዛፉን በተመለከተ ባለቤትዎን ላሳዝናቸው ነው፤ ሥሩ ለውኃ መንገድ ይከፍታል፣ ዛፉ ሲቆረጥ ደግሞ ሥሩ በስብሶ ቱቦ ይሆናል። ገና ቀጫጭን ከሆኑ አሁን ከነሥራቸው ተነቅለው ጉድጓዱ በእርጥብ አፈር በደንብ ተጠቅጥቆ ይደፈን። ትላልቅ ከሆኑ ግን ሳይማከሩ አይንቀሉ። በምትኩ ሰርዶ ይበቃል፤ አጭር ሆኖ ከታጨደም የፍልፈል አፈርና የጃርት ጉድጓድ በቀላሉ ይታያል። ሁለቱንም እንደ ቀልድ አይዩአቸው፤ የፍልፈል መንገድ በግድብ ውስጥ የተዘጋጀ ቧንቧ ነው።

ጥያቄ፦ በዱከም በኩል ሦስት ሄክታር ሽንኩርት በመስኖ ለማልማት አስቤ፣ 4 ሜትር ከፍታና 80 ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ ላሠራ ነው። ውኃው 200 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል ተብያለሁ። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። ይሆናል?

መልስ፦ ግድቡ ይሆን ይሆናል፤ ሦስቱ ሄክታር ግን አይሆንም። ለሰበታው ግድብ በተጠቀምንበት ስሌት (ርዝመቱን፣ ወደ ኋላ የሚተኛበትንና ጥልቀቱን አባዝቶ ለስድስት በማካፈል) ኩሬዎ ከ10,000 ሜትር ኩብ ጥቂት ይበልጣል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከውኃው ገጽ ላይ በትነት ብቻ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ይጠፋል፤ በአራት ወር የሽንኩርት ጊዜ ግማሹ ማለት ነው። ስርገቱና ከሥር የሚቀረው ደለል ሲታከሉ ወደ 7,000 ቢተርፍዎ ጥሩ ነው። አንድ ሄክታር አትክልት በበጋ በቀን 50 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይጠጣል፤ በ120 ቀን 6,000። በቦይ ሲያጠጡ ከሚለቁት ውኃ ወደ ሥሩ የሚደርሰው 60 በመቶ ያህል ስለሆነ ለአንድ ሄክታር 10,000 ያስፈልጋል። ስለዚህ በቦይ ከሦስት አራተኛ ሄክታር አይዘልሉም፤ በጠብታ መስኖ ደግሞ አንድ ሄክታር ያህል ያደርሳል። ለዶዘሩ ከመክፈልዎ በፊት ለጠብታ ቧንቧው ያስቡ።

መረሬ ውኃ በመያዝ የሚስተካከለው የለም፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ጎርፍ በዚያ ስንጥቅ ይሄዳል። ስለዚህ በግድቡ ልብ ውስጥና ውኃ ከሥር እንዳይሰርግ ከግድቡ ሥር በሚቆፈረው የመቁረጫ ቦይ ውስጥ ይግባ፤ ውጪውን ግን ቢያንስ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ቀይ አፈር ወይም ጠጠራማ አፈር ያልብሱት፤ ፀሐይ እንዳያገኘው። የላይኛው ተዳፋት ለአንድ ሜትር ከፍታ ሦስት ሜትር፣ የታችኛው ሁለት ሜትር ተኩል የሚሄድ ይሁን፤ አናቱ ከ3 ሜትር አይጥበብ።

አፈሩን ራስዎ ይፈትኑት። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጓል ወስደው በብርጭቆ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ውስጥ ቀስ አድርገው ይጣሉት፤ ሳያማስሉ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ጓሉ ቢፈራርስም ውኃው ጥርት ብሎ ከቀረ ደግ ነው። በጓሉ ዙሪያ ወተት የመሰለ ጉም ተነሥቶ ወደ ላይ ከተዘረጋ ግን አፈሩ በውኃ ውስጥ የሚበተን ዓይነት ነው፤ በዚያ አፈር ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ ግድብ አይሠራም። በሥራው ጊዜ ደግሞ ጥቂት አፈር በመዳፍዎ መካከል እያንከባለሉ እንደ እርሳስ ያውጡት። ገና እርሳስ ሳያህል ከተሰበረ ደርቋል፤ ውኃ ይርከፈከፍበት። እንደ ክር ቀጥኖም ካልተሰበረ ረጥቧል፤ ሮለሩ ይቁም። ከ20 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ንብር እየተነጠፈ ይጠቅጠቅ። «ሲኖዎቹ እየተመላለሱ ይረግጡታል» የሚል ፎርማን ካጋጠመዎ ሌላ ፎርማን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ኩሬያችን በጥር ሲጎድል ከአቃቂ ወንዝ በፓምፕ ልሙላው ወይ?

መልስ፦ ለሰላጣ፣ ለቆስጣና ጥሬውን ለሚበላ ማንኛውም አትክልት፣ አይሙሉት። ወንዙ ከተማውን አቋርጦ የሚመጣው የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ተሸክሞ ነው፤ ከባድ ብረት የሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ደግሞ ወደ ኩሬዎ ከገባ ከደለሉ ጋር ተኝቶ ለዓመታት ይቀመጣል። የክረምት ውኃ ያጠራቀመ ንጹሕ ኩሬ በአቃቂ አካባቢ ብርቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ያለውን ግድባችንን ለዓሣም ልንጠቀምበት አስበናል። ከብቶቻችንም የሚጠጡት ከዚያው ነው። ልጆች ደግሞ ይዋኙበታል፤ ብንከለክልም አይሰሙም።

መልስ፦ በቅድሚያ ልጆቹን በተመለከተ። የኩሬው ወለል ጭቃ ነው፤ እግር ይውጣል፤ የማስወጫ ቱቦው አፍም ሲከፈት ይስባል። አጥር ይታጠር፤ የቱቦው አፍ በብረት ፍርግርግ ይሸፈን፤ በዳሩ ላይ ሁልጊዜ ረጅም ገመድ የታሰረበት ባዶ ጀሪካን ይሰቀል፤ የሚሰምጥ ሰው ቢኖር የሚወረወርለት ይሆናል። ዘሎ ገብቶ ለማዳን የሞከረ ሁለተኛ ሟች የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ሙቀት ይወዳል፤ ጥሩ የሚያድገው ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውኃ ስለሆነ በሱሉልታ ብርድ ዕድገቱ ይጓተታል። ካርፕ ብርዱን ይችላል። የዓሣ ጫጩት ከመግዛትዎ በፊት ሰበታ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ያማክሩ። ዓሣው እንዳያመልጥ ብለው ግን በማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አይጋርዱ፤ ዓሣው ቢሄድ ይሂድ። ለዓሣው ሲባል ከሥር አንድ ሜትር ያህል ውኃ በበጋ መጨረሻ ሳይነካ መቅረት ስላለበት፣ ከመስኖው ድርሻ ያንን አስቀድመው ይቀንሱ።

ከብቱ ኩሬው ውስጥ ገብቶ መጠጣት የለበትም። ዳሩን ያፈርሳል፤ ውኃውን ያደፈርሳል፤ ከሁሉ በላይ በረግረጉ ዳር ከሚኖረው ቀንድ አውጣ ጋር የተያያዘው የጉበት ትል እንደ ሱሉልታ ባለ ሜዳ በጎችንና ከብቶችን ክፉኛ ይጎዳል። ከማስወጫው ቱቦ ላይ ቀጭን ቧንቧ ቀጥለው ከግድቡ እግር ቢያንስ ሃያ ሜትር ርቆ በሚሠራ የሲሚንቶ ገንዳ ያጠጧቸው፤ ገንዳው ሲሞላ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ቫልቭ ይኑረው፤ ዙሪያው በጠጠር ይነጠፍ፤ የሚተርፈውም ውኃ ወደ ግድቡ ሳይመለስ ወደ ማሳው ይፍሰስ።